ከ‹ላ› ትንሽ ዝቅ ብላ

ሩስታቪ ገበያ፣ እሁድ ሲነጋጋ፣
መኪናው እንደ በግ ቆሟል በየዋጋ።
ሰው ጎማ ይረግጣል፣ ኮፈን ይከፍታል፣
በቅሎ እንደሚገዛ ጥርስ ጥርሱን ያያል።
እኔ ግን ጆሮ ነኝ።
ስሜ ኬቶ፣ ሥራዬ የፒያኖ ቅኝት፣
ከዱሼቲ ትብሊሲ፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት።
ከሰኞ እስከ ዓርብ አስፋልት ስገፋ፣
ቅዳሜ ድንኳኔን ጭኜ ስጠፋ፣
ወንዝ የሚሻገር፣ ዳገት የማይፈራ፣
ጆሮዬንም ደግሞ የሚያቆይ ለሥራ፣
አንድ መኪና ነው የምሻው፤ አንድ ብቻ።
የቆሙት ግን ሁለት፣ በገበያው ዳርቻ።

ፓጄሮው ጥቁር ነው፣ ከጃፓን የመጣ፣
መሪው በስተቀኝ፣ ፕላስቲኩ ከወንበሩ ያልወጣ።
ኒቫዋ ላዳ ናት፤ ቀይ ነበረች አሉ፣
ክረምቶች ቀለሟን ልሰው ሄዱ ሳይከፍሉ።

የአጎቴ ልጅ ባድሪ ስልክ ላይ ይጮኻል፦
«ፓጄሮውን ግዢ! ኒቫ ምን ይረባል?
መኪና እኮ አይደለም፣ ብረት ነው የሚስል!»
ማናና ደግሞ፣ የተራራ ጓዴ፦
«የፓጄሮው ወገብ ለአባኖ መንገድ ሰፊ፣
ገደል ጎብኚ ነው እንጂ አይደለም አላፊ።»
ሁለቱም ልክ ናቸው። ይኼ ነው የሚያደክም፤
ልክ የሆነ ምክር ሁለት ከሆነ አይጠቅም።

መጀመሪያ ፓጄሮ።
ነዳሁት፤ ዝም አለ። መቶ አሥር ብደርስም
በአፌ የያዝኩት ‹ላ› ከቦታው አልወረደም።
በቃ፣ ልገዛው ነው።
ፊቴ ጎመን የጫነ ከባድ መኪና ሲያዘግም
ልቀድም ብል፣ መሪው ቀኝ ነው፤ መንገዱ አይታየኝም።
የሚያየው በግራዬ ያለው ወንበር ነው፤ ባዶ።
«የሚመጣ አለ?» አልኩት፣ አንገቴ በልማድ ተገዶ።
አልመለሰልኝም።
ሰባት ዓመት ሙሉ አይመልስልኝም።
ጎመኑን እየተከተልኩ ተመለስኩ።

ደግሞ፣ ሳልነዳው በፊት፣ ኮፈኑን ብዳስሰው
ሞቋል። «ማነው» አልኩ «በጠዋት የቀሰቀሰው?»
«ፀሐይ ነች» አለ ጎቻ፣ ሻጩ፣ ሳያፍር፤
ፀሐይ ገና ከኮረብታው ጀርባ ጫማዋን ስታስር።

የኒቫዋ ኮፈን ግን በረዶ።
ኦታር ይባላል ባለቤቷ፣ የባቡር ሐዲድ ጡረተኛ፦
«ሦስቴ ትስላለች፣ በአራተኛው ትነሣለች፣
ዝናብ ሲጥል ግራ ጉልበትሽ ላይ ታለቅሳለች፣
ሰባ ላይ ታዜማለች። ማስቆም አልቻልኩም።
ይህን ሳልነግር ብሸጣት እንቅልፍ አላገኝም።»

ሳለች። ሳለች። ሳለች። ተነሣች።
ሰባ ላይ፣ እንዳለውም፣ ዜማዋን ጀመረች፦
ከ‹ላ› ትንሽ ዝቅ ያለች፣ ግን ያልተናወጠች፣
ማንም ሳይቃኛት የኖረች ፒያኖ የመሰለች።
ስመለስ ጆሮዬ ደነቆረ።
ባድሪ ልክ ነው፤ ምክሩ ልክ ነበረ።
ቢሆንም፣ ጉድለቷን ሰምቻለሁ፤
ሃያ ዘጠኝ ዓመት በጎደለ ድምፅ እንጀራ በልቻለሁ።
የምፈራው ዝም ያለውን ነው፣
ኮፈኑን አሙቆ የሚጠብቀኝን።

አራት ሺህ ከፈልኩ፣ ግማሹ የብድር።
ኦታር ቁልፉን ሰጠኝ፤ ማንጠልጠያውን ግን ኪሱ ሲጨምር
አየሁ፣ አልጠየቅኩም።

ሰኞ። ዝናብ። ግራ ጉልበቴ ረጥቧል።
ልብሴ ቤንዚን ቤንዚን፣ ሰዓቱ አልፏል።
ከጆሮዬ ጥጡን ሳወጣ
ላማራ፣ ርእሰ መምህሯ፣ ሳቅም ቁጣም ይዛ መጣች፤
«መኪና ገዛሽ አሉ፤ ምን?» ብላ ጠየቀች።
«ላዳ።»
«ላዳ?»
«‹ላ›ዋ ለሥራዬ፤ ‹ዳ›ዋ የባንክ ዕዳ።»

ማታ ወደ ቤት ስወጣ ያው ጎመን ጫኝ ፊቴ።
አሁን በግራ ነኝ፤ መንገድ ለማየት አንገቴ
ማንንም አይጠይቅም።
ቀኝ ወንበሬ ላይ ድንኳኑ ተቀምጧል፣
ቅዳሜ ገና አምስት ቀን ቀርቷል።
ማርሽ ቀየርኩ፣
ሳለች፣
ቀደምነው፤
አንድ ሙሉ ደቂቃ ፈጀብን።